እግሬ መሬት ሲረግጥ አይታወቀኝም፤ ባሕር ዳር ጥሩ የነርቭ ሐኪም የምታውቁ እርዱኝ

ልብስ ሰፊው፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። 43 ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አብዛኛው ሥራዬ የሀገር ልብስ ነው። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል ግን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም፣ ታገሱኝ።

የጀመረኝ አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሁለቱም እግሬ ጣቶች ጫፍ ጫፋቸው ደነዘዘ። ቀኑን ሙሉ ስለምቀመጥ ነው ብዬ ናቅኩት። እየቆየ ግን ውስጥ እግሬን ያዘ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። አሁን በባዶ እግሬ ቆሜ ወፍራም ካልሲ ያደረግኩ ነው የሚመስለኝ። የስፌት መኪናዬን መርገጫ ረገጥኩት አልረገጥኩት አይታወቀኝም፣ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ባለፈው ወር ከሱቅ ወደ ቤት ስሄድ አንዱ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ መንገድ ላይ ቀረ። እኔ ዝም ብዬ እየሄድኩ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጋሼ፣ ጫማዎ!» ብሎ ሲጠራኝ ዞር ብዬ ሳይ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዬ ወድቋል። አስፋልቱ ደግሞ የቀትር ፀሐይ የመታው ነው፣ ሙቀቱም አልተሰማኝም። ያን ቀን ነው የምር የፈራሁት።

ሌላው ጨለማ ነው። መብራት ከጠፋ ግድግዳ ሳልይዝ አልሄድም። ሌሊት ለኪዳን ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ እንደ ሰካራም እንገዳገዳለሁ፣ ነግቶ ስመለስ ግን ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። ፊቴን ስታጠብ ሳሙና እንዳይገባብኝ ዓይኔን ስጨፍን ወደ ፊት ይደፋኛል፣ ስለዚህ ባለቤቴ ከኋላ ትይዘኛለች። አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ ደግሞ አንዳንዴ ከማጅራቴ እስከ እግሬ ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ያለ ነገር ይወርድና ወዲያው ያልፋል። ከሁለት ወር ወዲህ የእጄም ጣቶች ጀምረዋል። መርፌ ከጣቴ ይወድቃል። ቁልፍ መትከል ለልጄ ሰጥቻለሁ።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ታይፎይድ ነው ተባልኩ፣ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። አንድ የግል ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ብሎ የቢ ቫይታሚን መርፌ አምስት ቀን ወጋኝ። ትንሽ የተሻለኝ መስሎኝ ነበር፣ ተመለሰ። ስኳር ተመረመርኩ፣ የለም። ደም ማነስም የለህም አሉኝ። ሌላ ቦታ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ታዘዘልኝና የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ ከፍዬ ተነሳሁ፣ ንጹህ ነው ተባለ። የመጨረሻው ሐኪም ወረቀቶቼን አገላብጦ «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርግ» አለኝ። አምስት ደቂቃ አልተቀመጥኩም። እግሬን አላየውም፣ ጫማዬንም አላስወለቀኝም።

አሁን በእርግጥ እጨነቃለሁ። ግን ጭንቀቱ የመጣው ከሕመሙ በኋላ ነው። በዚህ እጅና እግር ነው አራት ልጅ የማሳድገው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ረጋ ብሎ የሚያይ የነርቭ ስፔሻሊስት የት አገኛለሁ? ወይስ ተበድሬም ቢሆን አዲስ አበባ ልሂድ? ሐኪሙ ጋ ከመቅረቤ በፊት ኤምአርአይ ልነሳ? እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ዘጌ ቡና፦

አይዞህ ወንድሜ። ሳነብ እናቴን ነው ያስታወስከኝ። ሕመማችሁ አንድ አይመስለኝም፣ ያያችሁት መንከራተት ግን አንድ ነው።

እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። እግሯ እየከበዳት፣ እየከበዳት ሄዶ መጨረሻ ላይ ከጀልባ ወደ መሬት መውረድ አቃታት፣ ሁለት ሰው ብብቷን ይዞ ነበር የሚያወርዳት። ሁለት ዓመት ተኩል ተንከራተትን። አንዱ ሪህ አለ፣ አንዱ ወገብ አለ፣ አንዱ እርጅና ነው አለን፣ ያኔ ገና 58 ዓመቷ ነበር። እኛም ተሳሳትን። ሰሌዳ ላይ «አንጎልና ነርቭ» የሚል ስናይ ገባን፣ ለካ ሰውየው ቀዶ ሐኪም ነው። ግን እግዚአብሔር ይስጠው፣ «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አያስፈልጋትም የሚለውን ከመወሰኔ በፊት ኒውሮሎጂስት ይያት» ብሎ ወረቀት ጽፎ ላከን። ኒውሮሎጂስት ማለት ቀዶ የማይሠራ የነርቭ ሐኪም ነው።

ኒውሮሎጂስቱ ገና ስንገባ የያዝነውን የምርመራ ክምር ወደ ጎን አደረገው። «ቆይ፣ መጀመሪያ እናትን ልስማ» አለ። ካልሲዋን አስወለቃት። በጥጥ ነካካት፣ በስንጥር ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጋት፣ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ዓይኗን አስጨፍኖ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ «ወዴት ነው ያደረግኩት?» እያለ ይጠይቃታል። ከዚያ ኮሪደር ላይ አስኬዳት፣ እሱ ከኋላ ከኋላ እያየ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም። ሲጨርስ «ችግሩ ጭንቅላቷ አይደለም፣ ወገቧም አይደለም፣ አንገቷ ነው» አለና የአንገት ኤምአርአይ ብቻ አዘዘ። እውነትም የአንገቷ ዲስክ ኅብለ ሰረሰሯን ተጭኖት ነበር። ተሠራላት። አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ቀድመን ብንደርስ ምርኩዙም ባላስፈለጋት ነበር፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጥሩ ሐኪም የቱ ነው ብለህ ለጠየቅከው፣ ስሙ የገነነውን አይደለም የምልህ። የሚሰማህና በእጁ የሚመረምርህ ነው። እግርህን ሳያይ ማሽን የሚያዝልህ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምርበት። ደብተር ግዛና ጻፍ። መቼ ጀመረ፣ ከየት ወደ የት ሄደ፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያቀለዋል፣ የወሰድከው መድኃኒት ሁሉ። እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ደህና ነኝ» ነበር የምትለው፣ በአክብሮት። ደብተሩ ነው የተናገረላት።

አስፋልት ዳር፦

ወንድሜ እዚህ ጊዜህን አትፍጅ። አዲስ አበባ ሂድ፣ ትልልቅ ሐኪሞች ያሉት እዚያ ነው። እኔ ለአጎቴ ያደረግኩት እሱን ነው። ዋናው ኤምአርአይ ነው፣ ከራስ እስከ እግር ተነስተህ ብትሄድ አንዴ ይገላገልልሃል።

እማሆይ የጣና፦

ልጄ፣ ምሕረቱን ይላክልህ። እኔ ስለ ሐኪም አላውቅም። ግን እንዲህ ያለ መደንዘዝ ይዟቸው በጸበል የተሻላቸው ሰዎች አውቃለሁ። በእምነት ተጠመቅ፣ ሱባዔ ያዝ። እግርህ አይሰማውም ካልክ ደግሞ በባዶ እግርህ ድንጋይ ላይ አትሂድ፣ ቁስል ሳታውቀው ይገባብሃል። ይሄን የምለው ጎረቤቴ ስኳር ነበረባቸው፣ ሚስማር ገብቶ ሦስት ቀን አላወቁትም።

ልብስ ሰፊው፦

እማሆይ፣ ስለ ጸሎትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። የጸበሉ ካህን ራሳቸው «ልጄ ሐኪሙንም አትተው፣ መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው» ብለውኛል። ስለ እግሬ የነገሩኝን ደግሞ ባለቤቴ ሰምታ ዛሬውኑ ሽፍን ጫማ አስገዝታኛለች።

ዘጌ ቡና፣ ደብተሩን ጀምሬያለሁ። እናትሽን እግዚአብሔር ያበርታልሽ።

ነጭ ጋውን፦

ሰላም ልብስ ሰፊው። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ የነርቭ ስፔሻሊስት አይደለሁም፣ ሳላይህም በሽታህ ይሄ ነው አልልም። ግን የጻፍከውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጫማህ ወልቆ አለማወቅህ፣ በጨለማ መንገዳገድህ፣ ፊትህን ስትታጠብ መደፋትህ፣ ሦስቱም የሚያመለክቱት ወደ አንድ ቦታ ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጥ ጆሮውና እግሩ የት እንዳለ ለአንጎሉ በሚነግሩት ነርቮች ነው። እነዚህ ነርቮች ሲደክሙ ዓይን ይሸፍንላቸዋል፣ ስለዚህ ቀን ቀን ደህና ትሆናለህ። ሲጨልም ወይ ዓይንህን ስትጨፍን ግን የሚሸፍንላቸው የለም። ሐኪም ቤት ይሄን የምንፈትነው እግር አስገጥመን አቁመን ዓይን በማስጨፈን ነው፣ ሮምበርግ ይባላል። አንተ ይሄን ፈተና በየጠዋቱ ማስታጠቢያው ላይ ስትፈተን ከርመሃል። አንገትህን ስትደፋ የሚወርደው ንዝረት ደግሞ አንገት አካባቢ ያለው ኅብለ ሰረሰር ይታይ የሚያስብል ነገር ነው። የተነሳኸው ሲቲ የጭንቅላት ነው። ኅብለ ሰረሰርህን እስካሁን ማንም አላየውም። ስለዚህ «ንጹህ ነው» የተባለው ስለ ጭንቅላትህ ብቻ ነው።

ጭንቀትን በተመለከተ። ጭንቀት በእርግጥ ሊያደነዝዝ ይችላል፣ እሱም እውነተኛ ሕመም ነው፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ግን ይሄን ስም ለመስጠት ሐኪሙ መጀመሪያ መርምሮህ መሆን አለበት። ጫማህን ሳያስወልቅ የተናገረውን እንደ ምርመራ ውጤት አትቁጠረው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «ነርቭ» የሚለው ቃል እኛ ሀገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የአእምሮ ሐኪም፣ የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ ኒውሮሎጂስት፣ ሦስቱም «የነርቭ ሐኪም» ይባላሉ። አንተ የምትፈልገው ሦስተኛውን ነው፣ ካርድ ስታወጣ በስሙ ጠይቅ። እዚሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን አሉልህ፣ ሁለቱም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ናቸው። ካርድ ክፍል ገብተህ የነርቭ ታካሚ የሚታየው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቅና ለዚያ ቀን ማልደህ ድረስ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ጥቅም አለ፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) ከሥር ከመሠረቱ ጠይቆ ጽፎ ለሲኒየሩ፣ ለአለቃው ስፔሻሊስት ያቀርብሃል፣ ያንኑ ታሪክ ሁለቴ መናገር ሊያሰለችህ ይችላል ግን አንዱ የዘለለውን ሌላው ያነሳዋል።

በሀገራችን ኒውሮሎጂስት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ቀጠሮው ቢርቅብህ አትደነቅ። ግን ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ጥሩ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ብዙውን ነገር ሊጀምርልህ ይችላል። «አስፋልት ዳር» የመከረህ አዲስ አበባ መሄድም መጥፎ አይደለም፣ ግን እሱ ሁለተኛው ደረጃ ነው፣ እዚህ ያለው ሐኪም «ይሄን ምርመራ እዚያ አሠራ» ብሎ ጽፎ ሲልክህ። ያን ሁሉ መንገድ ባዶ እጅህን ሄደህ እንደገና ከታይፎይድ ምርመራ እንዲጀምሩህ አልፈልግም። ኤምአርአይንም በራስህ አትነሳ። ለእንዲህ ያለ ሕመም ከራስ እስከ እግር አይነሳም፣ ክፍል ክፍል ነው የሚነሳው፣ ያለ ቦታው ከተነሳህ ገንዘብህ ይሄዳል፣ «ንጹህ ነው» የሚል ሌላ ወረቀት ትጨምራለህ።

ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ጨጓራ አለብህ? የጨጓራ መድኃኒት ትወስዳለህ? ስንት ጊዜ ሆነህ? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስደህ ታውቃለህ? አረቄ ትጠጣለህ? አጽዋማቱን ሁሉ ትጾማለህ? ቆዳህ ላይ ስትነካው የማይሰማህ፣ ቀለሙ የተለየ ቦታ አለ? ሽንት መያዝ ያስቸግርሃል?

የመጨረሻውን የጠየቅኩህ ለሌላ ምክንያት ነው። ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ እግርህ በቀናት ውስጥ እየከዳህ ከሄደ፣ መዋጥ ወይ መተንፈስ ካስቸገረህ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። አፍ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ካልታዘዘ፣ ንግግር ከተሳሰረም እንዲሁ፣ ያኔ የሚቆጠረው ሰዓት ነው።

ልብስ ሰፊው፦

ዶክተር፣ እንዲህ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ጨጓራ አለብኝ፣ ከድሮ ጀምሮ። ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ፣ ስድስት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። በመጀመሪያ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፣ ከዚያ በኋላ ሲያልቅ ከፋርማሲ እየገዛሁ ነው የቀጠልኩት፣ ካልወሰድኩ ያቃጥለኛል። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ከእግሬ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ። በጾም ዓሣም አልበላም። ከጾም ውጪም ሥጋ በዓል በዓል ነው የሚገኘው፣ ኑሮውን ታውቁታላችሁ። አረቄ አልጠጣም። የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ አያውቅም። ቆዳዬ ደህና ነው። ሽንትም ደህና ነኝ።

ነጭ ጋውን፦

እንግዲያው ቫይታሚን ቢ12 አስለካ። ይሄን በደብተርህ ላይ በትልቁ ጻፈው።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዕንቁላል፣ ከወተት፣ ከዓሣ ነው። ጤፍ ላይ የለም፣ ሽሮ ላይ የለም፣ ጎመን ላይ የለም። የበላነውም ቢሆን ከምግቡ እንዲላቀቅ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ ሥራው አሲዱን መቀነስ ነው። ለጥቂት ሳምንት ችግር የለውም፣ ለዓመታት ሲሆን ግን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሰው አያስተውለውም። ሲያንስ ደግሞ የእግርን ነርቮችና የኅብለ ሰረሰርን የኋላ ክፍል ይጎዳል፣ አንተ የጻፍከውን ዓይነት ምልክት ያመጣል። ደም ማነስ የለህም መባልህም ነገሩን አይዘጋውም። ደሙ ደህና ሆኖ ነርቩ ብቻ የሚጎዳበት ሰው አለ።

ሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ታይሮይድ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ ቢያዝልህ ቅር አይበልህ፣ ሦስቱም ነርቭ ስለሚነኩ ነው የሚታዩት። የአንገት ዲስክም ሊሆን ይችላል። ግን ቢ12 በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ መድኃኒቱም የሚገኝ ነገር ነው፣ በጊዜ ካልተያዘ ደግሞ ጉዳቱ ይቀራል። ምርመራው ሳይሠራ ሌላ የቢ ቫይታሚን መርፌ አትወጋ፣ ውጤቱን ያዛባዋል። ኦሜፕራዞሉንም ዛሬውኑ አታቁም፣ በድንገት ሲቆም ቃጠሎው ይብሳል፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገር።

የአዴት ልጅ፦

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኛ አካባቢ እግር ሲይዝ ጓያ ነው ይባላል። በልጅነቴ በጓያ ሽሮ ሽባ የሆኑ ሰው አይቻለሁ። እሱ ሊሆን አይችልም?

ነጭ ጋውን፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በእኛ ክልል ሊነሳ የሚገባው ነው። የጓያ ሕመም እግርን ያደርቃል፣ ሰውየው በጣቱ እየቆመ፣ እግሩን እያቆላለፈ ነው የሚሄደው፣ ግን መነካቱ ይሰማዋል። ልብስ ሰፊው የሚለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጉልበት አለው ግን አይሰማውም። ቢሆንም ጓያ በልቶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር።

ቀበሌ ለቀበሌ፦

ስለ ወጪው ማንም አልነገረህም። የጤና መድን ደብተር ካለህ ከጤና ጣቢያ ጀምር። «እዚህ ታክሜ አልዳንኩም፣ ሪፈር ይጻፍልኝ» በል። ሪፈሩን ዘለህ ቀጥታ ሆስፒታል ከገባህ ከኪስህ ነው የምትከፍለው። የታደሰ መሆኑንም ከመሄድህ በፊት አረጋግጥ፣ እኔ ደብተሬ ሳይታደስ ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ። ሪፈሩ ላይ የሚጻፈውን ደግሞ አንብበው። «የእግር ሕመም» ብቻ ብለው ከጻፉልህ ወደ አጥንት ክፍል ነው የሚልኩህ። መደንዘዙና መንገዳገዱ ይጻፍልኝ በላቸው፣ መብትህ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ወገኖቼ። የት ጠፋህ ሳትሉኝ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ሪፈር አጻፍኩ። እንደተባልኩት አነበብኩት፣ እውነትም «የእግር ሕመም» ነበር የሚለው፣ መልሼ ገብቼ አስተካከሉልኝ። መጀመሪያ ያየኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ደብተሬን ሰጠሁት፣ ቁጭ ብሎ አነበበው፣ ከዚያ ራሱ ጫማዬን አውልቅ አለኝ። ቢ12ን እኔ ሳልጠይቀው ነው ያዘዘው። ምርመራው በግል ላቦራቶሪ ነው የተሠራው፣ እሱን ከኪሴ ከፍያለሁ። በሁለት ሳምንቱ ኒውሮሎጂስት ጋ ቀረብኩ። ወጣት ሴት ናት።

አንድ ሹካ የመሰለ ብረት አላት። መዳፏ ላይ መታ ታደርገውና መያዣውን የእግሬ አውራ ጣት ላይ ታስቀምጠዋለች። «ምን ይሰማሃል?» አለችኝ። «ብረት ነው፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት። «ሌላስ?» ሌላ ምንም አልኩ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አደረገችው፣ ምንም። ጉልበቴ ላይ ትንሽ ነገር አለ። ከዚያ ደረቴ አጥንት ላይ ስታስቀምጠው ዝዝዝ ብሎ ውስጤ ድረስ ነዘረኝ። ለካ ጣቴ ላይ ሆኖም እንደዚያው እየነዘረ ነበር። አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ዓመት ሙሉ «ምንም የለብህም» ስባል ቆይቼ፣ ያለብኝ ነገር ለራሴም በግልጽ የታየኝ ያኔ ነው። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ያልከው ሁሉ ትክክል ነው» አለችኝ።

የቢ12 ውጤቱ 142 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ከ200 በላይ መሆን አለበት ይላል። መርፌ ጀምሬያለሁ፣ 1000 ማይክሮ ግራም፣ መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ አሁን በሳምንት አንዴ፣ በኋላ በወር ይሆናል ብላኛለች። የአንገት ኤምአርአይም አዛለች፣ ሌላ ነገር ተደርቦ እንዳይሆን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ ብላ። የተሟላ ለውጥ ለማየት ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል ብላ በግልጽ ነገረችኝ። ግልጽነቷን ወድጄዋለሁ።

እስካሁን እግሬ ያው ነው። የእጄ ጣቶች ግን የተሻሉ ይመስለኛል፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቁልፍ ራሴ ተክያለሁ። የማጅራቱ ንዝረትም ከመጣ ቆየ። ሌሊት ለኪዳን ባለቤቴ ባትሪ ይዛ አብራኝ ትሄዳለች። የንስሐ አባቴን አማክሬ ነበር፣ የታመመ ሰው በጾም ሕግ እንደማይገደድ ነግረው እስክድን ድረስ ዕንቁላልና ወተት ፈቅደውልኛል። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፣ አሁን እንደ መድኃኒት እየወሰድኩት ነው።

ዘጌ ቡና፦

እልልልል! እናቴም ሰምታ መርቃሃለች። ደብተሩን እንዳትተው፣ መሻሻሉንም ጻፈው።

ነጭ ጋውን፦

ደስ ብሎኛል። መርፌውን «ተሽሎኛል» ብለህ በራስህ እንዳታቋርጥ፣ እጥረቱ ከጨጓራው ከሆነ ምናልባት ዕድሜ ልክ ነው። ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ ውሰድ ቢልህ እሺ አትበል፣ ደምህን ደህና አስመስሎ ነርቩ ውስጥ ውስጡን እንዲጎዳ ያደርጋል። ኤምአርአይ ስትነሳ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ተቀበል፣ ኒውሮሎጂስቷ ምስሉን ራሷ ማየት ትፈልጋለች። ከዚህ በፊት ብረት ሰውነትህ ውስጥ ገብቶ ከነበረ፣ ስብራት የታሰረበት ሳህንም ሆነ የመርፌ ስባሪ፣ ከመግባትህ በፊት ተናገር።

ልብስ ሰፊው፦

የመርፌ ስባሪ ስትል አስታወስከኝ፣ በልጅነቴ የስፌት መኪና መርፌ አመልካች ጣቴ ላይ ተሰብሮ ነበር፣ መውጣቱን አላውቅም። ለሐኪሟ ዛሬውኑ ደውዬ እነግራታለሁ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው።